ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ሰሞኑን የወንድሜን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ከግቢዋ በር ላይ ከቆራሌው ጋር ተገጣጠምን። ከጆንያው አፍ አንድ ብረት ድስት ብቅ ብሏል። ውስጡ ከሰል መስሏል፣ ቂጡ በጥቀርሻ ተለብጧል፤ ጆሮዎቹ ግን አልላሉም፣ ክዳኑም ልክክ ይላል። ሽሮ አርሮበት ሁለት ቀን ሙሉ በሽቦ ስትፈገፍገው እንደሰነበተች፣ እጇ ሲላጥ ተስፋ ቆርጣ እንደሸጠችው ነገረችኝ። ለሰውየው ገንዘቡን መልሼ ድስቱን ተቀበልሁና ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ። በማግስቱ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ድስት አድርጌ ላክሁላት። ክንዴ እንኳን አልደከመም።

ልጆቼ፣ እኔ ይህን ነገር መማር የጀመርሁት ከእናቴ ነው። በቅበላ ማግስት፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲጀመር፣ እናቴ በቤት ያለውን ብረት ሁሉ ወደ ደጅ ታወጣ ነበር፤ ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ማንኪያውን፣ ማንቆርቆሪያውን። የቅቤና የሥጋ ሽታ ጾሙ ውስጥ እንዲገባ አትፈልግም። የእኛ የልጆቿ ሥራ አመድ መንፋት ነበር። የእንጨት አመድ ዕቃ የሚታጠብበት በወንፊት ተነፍቶ እንደ ዱቄት ሲልም ነው፤ ያልተነፋው ውስጥ ያለው ጠጠርና የከሰል ስባሪ ብረቱን ይቧጭረዋል። አመድ ቅባት የሚያነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጡ ያለው ፖታሽ የሚሉት ነገር በሙቅ ውሃ ከቅባት ጋር ሲታሽ ሳሙና ይወጣዋል፤ ጣት ላይ የሚያሟልጨውም ለዚህ ነው። እንጨት ወይም ከሰል የምታነዱ ሁሉ አመዱን አትድፉት። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የነደደበትን ግን ወደ ዕቃ አታቅርቡት።

ይሁን እንጂ አመድ ለሁሉም ብረት አይሆንም። ይህን ያወቅሁት በትዳሬ የመጀመሪያ ዓመት ነው። አማቴ በስስት የሚያስቀምጡት አንድ ትልቅ የአልሙኒየም ድስት ነበራቸው፤ ድግስ ሲኖር ብቻ ነበር የሚወጣው። እኔ እናቴ ቤት የለመድሁትን ይዤ አመድ በውሃ በጥብጬ አፈላሁበት። ስደፋው ውስጡ ጠቁሯል፤ በፈገፈግሁት ቁጥርም ባሰበት። እያለቀስሁ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። ተጨምቀው የተቀመጡ የሎሚ ልጣጮችን ሰብስበው፣ ያልተጨመቁ ሁለት ሎሚዎች ከፍለው ጨመሩበት፤ ድስቱን ውሃ ሞልተው ሩብ ሰዓት ያህል አንተከተኩት። ጥቁረቱ ዓይኔ እያየ ለቀቀ። «አልሙኒየም ኮምጣጣ እንጂ አመድ አይወድም፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አልሙኒየም ላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለው፤ አመድ፣ ሶዳና ኃይለኛ የልብስ ሳሙና ያንን ሽፋን እየበሉ ያጠቁሩታል። ሎሚና አቼቶ፣ የቲማቲም ቅንጥብጣቢ ሳይቀር፣ መልሰው ያነጡታል። ኮምጣጣውንም ቢሆን አታሳድሩበት፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፣ ሲቆይ ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል።

እንግዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመፈግፈጋችሁ በፊት ምን ብረት እንደሆነ እወቁ። ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። አልሙኒየም ሲያነሡት ይቀልላል፤ እኩል መጠን ካለው ብረት ጋር ሲመዛዘን ሲሶውን ያህል ብቻ ነው። ማግኔትም አይስበውም። ጥቁሩ ብረት ከባድ ነው፣ ማግኔት ይጣበቅበታል፣ ውሃ ካደረበት ይዝጋል። የማይዝገው፣ ስቴንለስ የምትሉት፣ ያንጸባርቃል፤ አንዳንዱን ማግኔት ይስበዋል፣ አንዳንዱን አይስበውም፤ ስለዚህ በማግኔት ብቻ አትፍረዱበት።

የወንድሜ ልጅ ድስት ስቴንለስ ስለነበረ ሶዳ አልፈራሁም። ያረረውን እስኪሸፍነው ውሃ ጨመርሁ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አደረግሁበት፣ 10 ደቂቃ አፈላሁትና ምድጃውን አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ያረረው ሽሮ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ አልለቅ ያለውን በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ፋቅሁት። ከሥሩ እንደ ቀስተ ደመና ኅብር ያለው ጥላ ቀርቶ ነበር፤ አቼቶ ባራሰው ጨርቅ ሳሸው ጠፋ። ከውጪ ለተጋገረው ጥቀርሻ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሼ ቀባሁት፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ በስፖንጅ አጠብሁት። ጨው ግን ስቴንለስ ድስት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ሳይሟሟ ታች ይቀመጥና በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጠባሳ ይተውበታል። ለወጥም ሆነ ለፓስታ ጨው የሚገባው ውሃው ሲሞቅ ነው።

ሽቦ የሚነሣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል ነው። መፈርፈር ከጀመረም ይጣል፤ ስባሪው ምግብ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ይወጋል። የቴፍሎን መጥበሻማ ጭራሹን ሽቦ አይነካውም።

ቡና የምንቆላበት ብረት ምጣድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ላዩ ላይ ያለውን ለስላሳ ጥቁረት ብዙ ልጆች እድፍ ይመስላቸዋል። ቅባት ከእሳት ጋር እየተጋገረ በዓመታት የሠራው ቆዳው ነው። እሱን የሚገፍፍ ሰው ምጣዱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጠዋል። ሙቅ እያለ በጨርቅ ጥረጉት፤ የተጣበቀ ነገር ካለበት ደረቅ ጨው በትናችሁ በወረቀት እሹት። ዝጎ ካገኛችሁት ድንች ለሁለት ክፈሉና የተቆረጠውን ፊት ጨው እያስነካችሁ እሹበት። ድንቹ ውስጥ ያለው አሲድ ዝገቱን ያላቅቀዋል፣ ጨው ይፍቀዋል፤ ፊቱ ሲጠቁር ስስ አድርጋችሁ እየቆረጣችሁ ቀጥሉ። ከዚያ አጥባችሁ ወዲያውኑ እሳት ላይ አድርቁት፤ ጨርቅ ብቻውን ብረትን አያደርቅም። ገና ሙቅ ሳለ ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። ለዘነዘናውም፣ ለሚዝገው ቢላዋም ይኸው ነው።

የማንቆርቆሪያ ጉዳይ ከውሃው ጋር የተያያዘ ነው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ኖራ አዘል ስለሆነ በሚያፈሉበት ዕቃ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ውሃው ለመፍላት ይዘገያል፣ ከሰሉም መብራቱም በከንቱ ያልቃል። በቢላዋ አትቆርቁሩት። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አሙቃችሁ 1 ሰዓት ተዉት፤ አልሙኒየም ከሆነ ያው ሩብ ሰዓት ነው። አረፋ ሲያወጣ ኖራው እየሟሟ ነው። ከዚያ 2 ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ፤ አለዚያ ሻዩ አቼቶ አቼቶ ይላል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ውስጡን ብቻ እጠቡ።

የናስ ዕቃ ያላችሁ ሎሚ ከፍላችሁ ጨው አስነክታችሁ እሹት፤ ወዲያው አለቅልቃችሁ አድርቁት። ሊጥ የነካው ወንፊትና እንቁላል የተመታበት ሹካ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ሊጡንም እንቁላሉንም እዚያው ያበስለዋል።

አሁን የምናገረውን በጥሞና ስሙኝ። በረኪናና አቼቶ፣ በረኪናና ሎሚ፣ በአንድ ሳፋ አይገናኙም። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ማድቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ይገድላል። አንዲት ጎረቤቴ ይበልጥ ይጠራልኛል ብላ ሁለቱን ቀላቅላ፣ ትንፋሽ አጥሯት እያሳለች ደጃፏ ላይ ወድቃ አገኘናት። እግዚአብሔር አተረፋት። በረኪና ለብረቱም አይበጅም፤ አልሙኒየሙንም ስቴንለሱንም ይበላል። ከድስትና ከማንኪያ አርቁት፣ ከልጆችም አርቁት።

ሥራውን አስቀድሞ ማቅለልም ይቻላል። በእንጨት ወይም በቡታጋዝ የምታበስሉ፣ ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት ቂጡን ከውጪ እርጥብ ሳሙና ቀቡት፤ ጥቀርሻው ሳሙናው ላይ ያርፍና ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ቅቤ የበዛበት ዕቃ ውሃ ከመንካቱ በፊት በወረቀት ይጠረግ፤ ቅባቱ ወደ ቧንቧ ከገባ እዚያ ረግቶ ይደፍነዋል። ድስት ሲያርርባችሁ ደንግጣችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አትቸልሱበት፤ ቂጡ ይጣመማል። ትንሽ ይብረድለት።

ቆራሌው ነገም በሰፈራችሁ ያልፋል። ድስታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ብቻ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት።