ጨለማ ውስጥ ደግ መሆን

አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ኢያጎ በአንዲት መሐረብ ሰበብ የኦቴሎን ልብ ሲመርዝ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳያስቡት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኧረ ውሸቱን ነው! ንገሩት እንጂ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ቴአትር አዘውትሬ የማይ ሰው ነኝና፣ «ቴአትር ማየት የማያውቁ ሰው ናቸው» ብዬ በልቤ ፈረድኩባቸው። ያንን ፍርድ ዛሬ መልሼ ልመርምረው።

በቅርቡ ያየኋቸው ቴአትሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የቆዩ ድርሰቶች። አንደኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ነው። ኢያጎን የተጫወተው ወጣት ተንኮሉን እያጣፈጠ፣ ተመልካቹን በጥቅሻ ወዳጅ ማድረግ ይወዳል። ችሎታው አያጠያይቅም። ሆኖም ሳናውቀው የሴራው ተካፋዮች አደረገን። ሁሉን እናውቃለን፣ ግን ዝም ብለን እናያለን።

ሁለተኛው የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነው። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የመኳንንት ልጅ ገጠር ገብቶ፣ አገልጋዩን ሊያገባ ሲነሣ አክስቱ የሚያነሡትን ተቃውሞ የሚያሳይ ኮሜዲ ነው። አክስቲቱን የተጫወተችው ተዋናይ ነገሩን ከልክ በላይ አጋነነችው መሰለኝ፤ ሁላችን ሳቅን፣ ማንም ግን ራሱን አላየባትም። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ቅድም እንባዋ እስኪፈስ የሳቀች ወይዘሮ ስለ እህቷ እጮኛ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። «ለመሆኑ ዘሩ ከየት ነው? ማን አጣርቶታል?» ትላለች። አክስቲቱ ከመድረክ ወርደው ታክሲ ተራ ቆመዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የጸጋዬው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። ለፋሺስት ወራሪ አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ የተረሸኑትን አቡነ ጴጥሮስን የሚያስታውስ ነው። ከሦስቱ በዝግጅት የበለጠብኝ ይኸው ነው። ዝምታው ቦታ ቦታውን ይዟል። ሲያልቅ ቆመን አጨበጨብን፤ ያለቀስንም ነበርን።

ታዲያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያፈሰስነው እንባ ደግነት ነው ወይ?

ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1758 ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ጄኔቫ ከተማ ቴአትር ቤት እንዳይከፈት ተሟግቷል። ከክርክሮቹ አንዱ፣ ሰው በፈጠራ ታሪክ አልቅሶ ሲወጣ፣ ከራሱ ምንም ሳያወጣ የሰብዓዊነት ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል የሚል ነው። ከሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ አርስቶትል፣ ትራጄዲ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ ስሜትን ያነጻል ብሎ ነበር። እኔ የሩሶን ያህል አልሄድም፤ ቴአትር ቤት ይዘጋ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን አዳራሽ ውስጥ ሁላችንም ከእውነት ወገን መሆናችን ያጠራጥረኛል። እዚያ ለእውነት መቆም የሚያስከፍለው የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ነውና።

ስለ ሌላው ከማውራት ስለ ራሴ ልናገር። ዛሬ በግሌ እየጻፍኩ እተዳደራለሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ፋይል ጠፋ ተባለና ከአንድ ባልደረባችን መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። እዚያ ማን እንዳስቀመጠው አይቻለሁ። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «የሚያውቅ ይናገር» ሲል ጣራ ጣራ አየሁ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ አስቀማጩም የአለቃው ወዳጅ ነበር። ባልደረባችን ከሥራ ተሰናበተ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ «አይዞህ» አልኩት። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

እንግዲህ ያ ፋይል የኔ መሐረብ ነበር። ኢያጎንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላዬ ተነሥቶ «ንገሩት እንጂ!» የሚል ግን አልነበረም።

«ኦቴሎ» አልቆ ስንወጣ እኒያ እናት በር ላይ አጠገቤ ነበሩ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ረበሽኳችሁ» አሉኝ። «ምንም አይደል፣ እማማ» ብዬ አለፍኩ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። ተውኔት መሆኑ ለአፍታ ጠፍቷቸው ይሆናል፤ ሰው ሲበደል ዝም እንደማይባል ግን አልጠፋቸውም። እኛ ቴአትር ማየት እናውቃለን። የምፈራው፣ ከአዳራሹ ውጭም የምናውቀው ማየት ብቻ እንዳይሆን ነው።

ያ ባልደረባዬ አሁን የት እንደሚሠራ ሰው ነግሮኛል፤ ከቤቴ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እስካሁን አልሄድኩም። ሦስት ቴአትር ለማየት ግን ጊዜ አላጣሁም።