ዋጋ ያልተከፈለበት ዕጣን

ንጉሥ ዳዊት በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ በወጣ ጊዜ ባለአውድማው ቦታውንም በሬዎቹንም በነጻ ልስጥህ ቢለው እምቢ አለ፤ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልወደደም። ይህን ታሪክ የዕጣን ዛፍ ካለበት ከመተማ ቆላ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ጥያቄው ይከብዳል። በጥናው ላይ የሚጤሰው ዕጣን ዋጋው በማን ተከፈለ? ምእመኑ ለነጋዴው ገንዘብ ሰጥቷል። ቅርፊቱ እየተፋቀ የደማው ዛፍ ግን ምትክ አላገኘም፤ ዕዳው ያለው እዚያ ነው።

በመተማ የዕጣን ዛፎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ ምርቱም በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮ ነበር። ከ15ቱ ዓመት አብዛኛው አልፏል። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ያልተፋቁት ዛፎችም አብረው መመናመናቸው ነው። ችግኝ ይበቅላል፤ በየበጋው ሣሩ ላይ የሚለቀቀው እሳትና የከብት ግጦሽ ግን ለዛፍነት አያበቁትም። ያረጁትን ደግሞ ጥንዚዛ ግንዳቸውን ሰርስሮ ይጥላቸዋል። መፋቁም ቢሆን ያለ ጉዳት አይደለም፤ በኤርትራ የተደረገ ጥናት የሚፋቅ ዛፍ ዘር ካልተፋቀው እጅግ ባነሰ መጠን እንደሚበቅል አሳይቷል።

ታዲያ ዕጣን ማጤስ ይቅር? ይህን አልቀበልም። ዕጣኑ ገዢ ካጣ ደኑን ለማቆየት ምክንያት አይኖርም፤ ሰሊጡና ጥጡ መሬቱን ለመውሰድ ደጅ ቆመዋል። መተው ያለበት ሌላ ልማድ ነው። አንዱ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ አንዱ ማር ሲቆርጥ፣ አንዱ የእርሻውን ዳር ሲያጸዳ ክብሪት ይጭራል፤ ሁሉም የእኔ እሳት ትንሽ ናት ይላል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ለቡናው ከሰል የሚያቀጣጥልና ዕጣን የሚያጤስም ስለ ቁንጥሩ ያንኑ ይላል። በመተማ መስጊዶች ለሚሰግደው ሙስሊም የነቢዩ ትምህርት ለዚህ ሰበብ መልስ አለው፤ ቂያማ ደርሶ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው እንኳ መትከል ከቻለ ይትከላት የሚል ነው። ሥራው የሚመዘነው በውጤቱ ትልቅነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለተራበ ገበሬ ዛፍ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው ለሚለው ግን የምመልሰው የለኝም፣ ልክ ነው። ስለዚህም ሸክሙ ይበልጥ መውደቅ ያለበት ገበሬው ላይ ሳይሆን አጢያሹ ላይ ነው።

በደጋው በአጸደ ቤተክርስቲያን ያለውን ጥድ የሚቆርጥ እጅ በቀላሉ አይገኝም። በዚሁ ቆላም የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደኑን ይዞ ኖሯል። የማኅሌቱን ጢስ የሚሰጠው ዛፍ ግን ከቅጥር ውጭ በመሆኑ ብቻ ክብሩ ተነፍጎታል። ጧፍና ዕጣን የሚሳል ሰው ስለቱን ወደ ዛፉ ማድረስ ይችላል፤ ለአንድ ጥግ ደን ጥበቃ መክፈል፣ ሣሩ ሳይደርቅ ዙሪያውን አሳጭዶ እሳት እንዳይሻገር ማድረግ፣ ከብትም እንዳይገባ ማስከበር ማለት ነው። የአንድ ዓመት ስለት ግን አይበቃም፤ ችግኙ ከከብት አፍና ከእሳት በላይ እስኪሆን ብዙ ክረምት ይፈጅበታል።