ማን ሠራ? ማን ተቀመጠ?

«ካረጁ አይበጁ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት ከአዲስ ሙያ ደጃፍ ለመመለስ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። ጎረቤቴን ግን ተረቱ አልመለሳትም። አንገቷን ያስደፋት በአንድ የማመልከቻ ቅጽ ላይ ያለ ባዶ መስመር ነው።

ጎረቤቴ 42 ዓመቷ ነው። በሰፈራችን በገዛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ «የእገሌ እናት» ናት። ቀድሞ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሚፈቅደው የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነበር፤ ወደ 120 ቀን ያሳደገው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑን የምትተውለት ሰው አጣች። ሥራዋን ለቀቀች፤ ዘጠኝ ዓመት ልጆቿን አሳደገች።

አምና የሕፃናት አስተማሪነት ሥልጠና በማታ ተከታትላ ጨረሰችና ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት አመለከተች። «የሥራ ልምድ» በሚለው መስመር ላይ የሒሳቡን ዓመታት ሞላች። ቅጹን የተቀበላት ሰው አየት አድርጎ፣ «ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጠሽ ነው?» ሲል ጠየቃት። «አዎ» አለች። ማታ እቤቴ መጥታ ይህንኑ ነገረችኝና፣ «እስቲ አንቺ ጸሐፊ ነሽ፤ ዘጠኙን ዓመት ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም፤ አልነበረኝምና።

ለመሆኑ ይህች ሴት ተቀምጣ ነበርን? ሌሊት ትኩሳት ስትጠብቅ፣ ማለዳ ምሳ ዕቃ ስትቋጥር፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትቆም የተቀመጠችው መቼ ነው? ቋንቋችን ግን «ቤት ተቀመጠች» ይላታል። ያንኑ ምሳ ዕቃ ሌላ ሴት በደመወዝ ብትቋጥረው ደግሞ ይህችኛዋን «ሠራተኛ» እንላታለን። ቤቱ ያው፣ ልጁ ያው፣ ድካሙም ያው ነው። እናት ስታደርገው መቀመጥ፣ ተቀጣሪ ስታደርገው ሥራ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሕጋችን ይህን አንድነት ሳያስበው መስክሮለታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 646፣ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ካነሰው ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። አንዷ የሌላዋን ቦታ የምትተካ ከሆነ የሁለቱም ድካም ሥራ ነው ማለት ነው። ግዴታው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀርቷል፤ አነጋገራችን ግን እንዳለ አለ።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ አንባቢ አይጠፋም። «እናትነት ፍቅር ነው፤ የሥራ ልምድ ብሎ መቁጠር ፍቅርን ገበያ ማውጣት ነው» ይለኛል። ቁጣው ከንቱ አይደለም። ልጅ ስላሳደገች ደሞዝ ይቆረጥላት አላልኩም። ነገር ግን መምህርም ተማሪዎቹን ይወዳል፤ ስለ ወደደ አገልግሎቱ አይሰረዝበትም። በፍቅር የተሠራ ሁሉ እንዳልተሠራ ከተቆጠረ ፍቅርን አከበርነው ወይስ ቀጣነው? ደግሞም ዘጠኝ ዓመት ሕፃናትን ያስተኛች፣ ያባበለች፣ ፊደል ያስቆጠረች ሴት ለሕፃናት አስተማሪነት «ልምድ የላትም» ከተባለች፣ ልምድ የምንለው ነገር ማኅተም ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አወራኋትና «‹ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ› ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ማድ ቤቷ በአገጯ እያመለከተች፣ «እሷስ?» አለችኝ።

ሠራተኛዋን ማለቷ ነው። ጎረቤቴ በማታ ስትማር ልጆቹን ራት ያበላችው፣ ያስተኛቻቸው ያቺ ልጅ ናት። አንዷ ሙያ የለወጠችው በሌላዋ ጉልበት ነው። እኔ ስለ እናቲቱ ባዶ መስመር ስከራከር ስለዚህች መስመር ትዝም አላለኝ። ቋንቋው «ሠራተኛ» ቢላትም አዋጅ ቁጥር 1156 ለግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከአዋጁ ውጭ አድርጎ ለደንብ ትቶታል። አዋጁ ሌላው አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። የቤት ሠራተኛ ይህን ይዛ ስትወጣ ያየ አለ? እሷም ነገ ከነገ ወዲያ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ በአርባ ዓመቷ ሌላ ሙያ ልያዝ ብትል መስመሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል።

«ለኔ የሚጽፍልኝ የለም» አለች ጎረቤቴ፣ «ለሷ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።» ከልጇ ደብተር ላይ አንድ ሉክ ቀዳ የልጅቱን ሙሉ ስም፣ የሠራችውን ሥራና የቆየችበትን ጊዜ ጻፈች። ፈረመችበት። የራሷንም ቅጽ በነገርኳት ዓረፍተ ነገር ሞልታ መለሰች። መልሱ ገና አልመጣም።

እኔ ቤት እስካሁን ሦስት ሴቶች ሠርተው ሄደዋል። እኔም ልጄን ለእነሱ ትቼ ነው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምጽፈው። ሲሄዱ መሳፈሪያ ሰጥቻቸዋለሁ። ወረቀት ግን ለአንዷም አልጻፍኩም።