ስላልተመረጠ ውርስ

ለልጅ የሚተላለፍ ውርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አባት ወዶ ያቈየው ርስት ነው፤ ሁለተኛው ጌታ በባሪያው ላይ በግድ የጫነው ሸክም ነው። ፊተኛውን ልጅ በደስታ ይቀበላል፤ ኋለኛውን ግን ሊጥለው ይገባዋልን ወይስ ይዞት ይኑር? ከካሪቢያን ደሴቶችና ከዙሪያቸው አገሮች ወጥተው ሥራቸውን በባዕድ ከተማ የሚያሳዩ ወጣት ሠዓሊዎችና ቀራጺዎች ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሊያልፉ አይችሉም።

የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ከአፍሪካ በመርከብ ታስረው ተወስደው በሸንኮራ እርሻ ላይ የተሸጡ ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1833 (በኤውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ባርነትን የሚሽር ሕግ ባወጣ ጊዜ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ካሣውን የተቀበሉት ግን ጌቶቹ እንጂ ባሮቹ አልነበሩም። ለልጆቻቸው የቀረላቸው የገዢው ቋንቋና የገዢው ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሮናልድ ሙዲ በ1923 የጥርስ ሕክምና ሊማር ከጃማይካ ወደ ሎንዶን መጣ። በዚያም በእንግሊዝ ቤተ መዘክር የጥንት ግብጻውያንን ምስል ባየ ጊዜ ልቡ ተማረከ፤ ያለ መምህርም ቅርጻ ቅርጽ ጀመረ። የአፍሪካን ጥበብ ያገኘው በገዢው ግምጃ ቤት መሆኑ ምንኛ ያስገርማል! በ1936 ከእንጨት የቀረጸውን ዮሐናን የተባለ ምስል፥ ቴት የሚባለው የሎንዶን የሥዕል ቤት የገዛው በ1992፥ ሠሪው ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የባዕድን ምስጋና ጠብቆ የሚሠራ ሰው ዕድሜው ሊያልፍበት ይችላል።

በ1966 የባርባዶሱ ካማው ብራትዌይት፥ የትሪኒዳዱ ጆን ላ ሮዝና ጃማይካ ያደገው አንድሩ ሳልኪ በሎንዶን የካሪቢያን ጥበበኞችን ማኅበር መሠረቱ። ሙዲና የጉያናው ሠዓሊ ኦብሪ ዊልያምስም ከማኅበርተኞቹ ነበሩ። በባሕር ተለያይተው የኖሩ የደሴት ልጆች በስደት ከተማ ተገናኝተው፥ ለእንግሊዝ ከመናገራቸው በፊት እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

ቴት ራሱ በ1897 የተከፈተው ሄንሪ ቴት የተባለ የስኳር ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ ነው። ሰውዬው ባሪያ ገዝቶ ባያውቅም፥ ያ ንግድ ሥሩ በባሮች ላብ የራሰ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች፥ በእንዲህ ያለ ቤት ሥራን ማሳየት የበዳይን ፊት ማጠብ ነው ይላሉ። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ ያጨበጨበ ሁሉ ተጸጸተ ማለት አይደለምና።

ነገር ግን የተበደለው ወገን ከአዳራሹ ቢቀር ስለ ስኳሩ ማን ይናገራል? በጉያና ያደገው ሂው ሎክ በ2022 በዚሁ ቤት ወደ 150 የሚጠጉ ምስሎችን አሰልፎ አቆመ፤ በጨርቆቻቸውም ላይ የቅኝ ግዛት ዘመን የአክሲዮን ወረቀቶችን ሥዕል አሳተመ። ድግሱን ሊያይ የገባ ተመልካች የድግሱን ሒሳብ ተነበበለት።

እንግዲህ በባዕድ ቤት የሚቆም ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ማንነቱን ከባለቤቱ አፍ ሊሰማ የሚጠብቅ ለማኝ ነው፤ ሁለተኛው ያየውንና አባቶቹ ያዩትን ሊናገር የመጣ ምስክር ነው። ምስክር የዳኛውን ቋንቋ ቢናገርም ቃሉ የራሱ ነው። ሰው ውርሱን አይመርጥም፤ በውርሱ የሚሠራውን ግን ይመርጣል።