ሰንበት የሌላቸው እናቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች!

የምንጠራበትን ስም ቆም ብለን አስበነው እናውቃለንን? ሰንበት ማለት ዕረፍት ማለት ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ በሰጠው ሕግ ዕረፍት ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ አገልጋዩም፥ በደጁ ያለው እንግዳም፥ ከብቱም ጭምር እንዲያርፉ ታዟል (ዘጸ. 20፥10)። ዳሩ ግን በዚሁ በአጥቢያችን ሰንበት የሌላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህም ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ሌት ተቀን የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው። ይህን የምጽፈው እንደ መምህር ሳይሆን እንደ በዳይ ነውና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መዝሙር ስናቀርብ፥ ሥርዓት አስከባሪ ሆኜ ከበር አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን አዝለው ገቡ። ልጁ መራመድም መናገርም አይችልም፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ ችግር አለበት። ከበሮው ሲመታ ልጁ በኃይል ጮኸ። ሰዎች ዞር ዞር አሉ። እኔም ጠጋ ብዬ፥ «እትዬ፥ ሕዝቡ ተረብሿልና ልጁን ይዘው ወጣ ይበሉ» አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱ ወጡ። ከዚያም ቀን ጀምሮ አላየኋቸውም።

ወራት አለፉ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፥ በመፃጉዕ ዕለት፥ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሰው ታሪክ ሲነበብ ሰማሁ (ዮሐ. 5፥1-9)። ያ በሽተኛ ጌታችን በጠየቀው ጊዜ ወደ ውኃው የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ብሎ ነበር የመለሰው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ግን በዓይኔ የመጡብኝ እኒያ እናት ናቸው። ሌላው ቢቀር መፃጉዕን ከመጠመቂያው ዳር ያባረረው አልነበረም። እኔ ግን አባርሬያለሁ።

በማግሥቱ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። «እትዬ፥ ያን ዕለት አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «ልጄ እኮ ያን ቀን የጮኸው ከበሮው ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውን የሚገልጸው እንደዚያ ነው» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደማይመጡ ብጠይቃቸው፥ «ለማን ትቼው ልምጣ? ሰው እኮ የለኝም» አሉኝ። የመፃጉዕን ቃል እንደ ደገሙት እሳቸው ልብ አላሉም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኅቴ ጋር ተመልሼ፥ «ዛሬ እኛ ከልጁ ጋር እንቀመጥ፤ እርስዎ የፈለጉበት ደርሰው ይምጡ» አልናቸው። አስቀድመው አስተማሩን። ሲጠጣ ራሱ ቀና ማለት አለበት፤ አለዚያ ያንቀዋል። ዓይኑን ወደ ላይ ካደረገ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያ ወጡ። የት የሄዱ ይመስላችኋል? ገበያም ዘመድ ጥየቃም አይደለም። ጎረቤት ቤት ገብተው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኙ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! እኛ ኢትዮጵያውያን ሸክም መካፈልን አናውቅም አይባልም። አራስ እንጠይቃለን፤ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ከበን እንሰነብታለን። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማብቂያ ላለው ሸክም ነው። በሦስት ቀንም በአርባ ቀንም ለማያበቃው ሸክም ልማድ አላበጀንም። ይባስ ብሎም ጉዳቱን የኃጢአት ቅጣት የሚያደርግ አለ። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ፥ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት ሠርተው እንዳልሆነ በግልጽ መልሷል (ዮሐ. 9፥1-3)።

በሌሎች አገሮች ለዚህ ነገር ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፥ የአካባቢ መስተዳድሮች የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች አጫጭር የዕረፍት ጊዜ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ይኸውም ቀንና ሌሊት ልጁን የሚጠብቅ ሰው፥ እንዲሁም ከቤት ውጭ የጨዋታና የትምህርት ጊዜ ማዘጋጀትን ይጨምራል። ደንቡ የሚያስበው ሊወድቁ ለተቃረቡት ወላጆች ብቻ አይደለም፤ ዕረፍት ቢያገኙ የሚማሩትን፥ ለሌሎች ልጆቻቸው ጊዜ የሚሰጡትን፥ የቤት ሥራቸውን የሚያከናውኑትንም ያስባል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ28ኛው አንቀጽ፥ በድህነት ለሚኖሩ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን የዕረፍት እንክብካቤ ይጠቅሳል። በአዲስ አበባም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ለሌሎችም ልጆች ደርሰዋል። አንዲት እናት ይህን ካደረገች፥ መቶ ወጣቶች ምን ያህል እናደርግ ይሆን?

«እናት እንዴት ከልጇ ማረፍ ትሻለች?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጌታችን ሐዋርያቱ ለመብል እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፥ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዟቸዋል (ማር. 6፥31)። ማረፍ ፍቅርን ማጉደል አይደለም። ዕረፍቱም የእናት ብቻ አይደለም። ልጁም አዲስ ፊት ያያል፤ አዲስ ጨዋታ ይማራል። ታናሽ እኅቱም እናቷን ለብቻዋ ታገኛለች።

በቅፍርናሆም ሽባውን በጣራ ያወረዱት አራት ነበሩ (ማር. 2፥3)። አልጋ አራት ማዕዘን አለው፤ አንዱ ከለቀቀ ያጋድላል። እኒህ እናት አራቱንም ማዕዘን ብቻቸውን ይዘው ዘጠኝ ዓመት ቆመዋል።

ስለዚህ ከትንሣኤ ወዲህ አራት ሆነን ጀምረናል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ፈተና ደርሶብን ሳንናገር ቀረን። በኋላ እንደ ሰማነው እናቲቱ ነጠላቸውን ለብሰው እስከ ማታ በር በሩን ሲያዩ ነበር። ቃል ገብቶ መቅረት ከመጀመሪያው አለመሄድ እንደሚከፋ ያን ዕለት ተማርን።

ከእኛ ጋር ለመሥራት የምትሹ ይህን ልብ በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁልጊዜ ሁለት ሁኑ። ከወላጅ ሳትማሩ ልጁን አታጉርሱ፥ አታንሡ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ ስጡ፤ ጸሎትና ጠበል መድኃኒትን አያስጥሉም። የልጁን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለሰው አታሳዩ። ምክር አታብዙ፤ እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

በአጥቢያችን እስካሁን ያወቅናቸው እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አምስት ናቸው። ለአምስቱ ሃያ ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ ግን አራት ነን። ስማችሁን በሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።

ባለፈው እሑድ እኒያ እናት ልጃቸውን አዝለው መጡ። ከበሮው ሲመታ ልጁ ጮኸ። አንድ ታናሽ ወንድማችን ሊያስወጣቸው ተነሣ፤ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ልጁ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ዘመረ።

ዕረፍት የሌላቸውን እንድናሳርፍ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባል