ለቼዝም ለፀሐይም ለሚሄድ

ልጄ፣ በጥር የለንደንን ብርድ ሸሽተህ፣ ባለቤትህን ይዘህ በአንድ የባሕር ዳርቻ ቼዝ ልትወዳደር ማሰብህን ሰማሁ። ደግ አደረግህ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው፤ ብትሸነፍ ፀሐይዋ አለችልህ፣ ቢዘንብ ቼዙ አለልህ። ግን ይኸው ያገሬ ሰው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎም አስጠንቅቋል። ሁለቱን ምክር የሚያስታርቀው የሰዓት አደላደል ነው።

ጂብራልታርን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2020 በካታላን ቤይ ዳርቻ፣ ካሌታ ሆቴል ውስጥ፣ በየዓመቱ በጥር ወር ስመ ጥር የቼዝ ፌስቲቫል ይካሄድ ነበር፤ ሂካሩ ናካሙራ አራት ጊዜ አሸንፎበታል። አማተሮቹ ጠዋት ይጋጠሙ ነበር፣ ታላላቆቹ ከሰዓት በኋላ። ጠዋት ተጫውቶ ከሰዓት አሸዋው ላይ መጋደም፣ ምን ጎደለ? የጎደለችው ፀሐይዋ ናት። ካታላን ቤይ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከኋላዋ 426 ሜትር ከፍታ ያለው ቋጥኝ ተገትሯል። ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታልፍ የቋጥኙ ጥላ ዳርቻውን ይሸፍነዋል። ሌቫንተር የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ የተነሳ ዕለትማ ቋጥኙ አናት ላይ ደመና ይከመራል። ስለዚህ የትም ብትሄድ፣ ሆቴል ከመያዝህ በፊት ዳርቻው ወዴት እንደሚያይ፣ ጨዋታህም በስንት ሰዓት እንደሆነ አጣራ። በጥር የጂብራልታር ባሕር 15 ዲግሪ ገደማ ነውና የመዋኛ ልብስ ይዘህ ሻንጣህን አታክብድ።

ሌላም ፈተና አለ። የራስህን ጨዋታ ጨርሰህ «የታላላቆቹን ትንሽ ልይ» ትላለህ። ትንሽ የሚባል የለም፤ ቆመህ ይመሽብሃል። ባለቤትህ ደግሞ የመጣችው ያንተን ጀርባ ለማየት አይደለም። በብዙ ውድድሮች አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው አንድ ዙር ሳይጫወት ግማሽ ነጥብ ይያዝለታል፤ «ባይ» ይሉታል። ደንቡን ጠይቅና ውሰደው። ጂብራልታር ከሆንህ ያን ቀን ወደ ቋጥኙ ይዘሃት ውጣ፤ እዚያ ያሉት ጦጣዎች ግን ምግብ የሸተታቸውን ቦርሳ ይነጥቃሉ፣ ጠበቅ አድርጋ ትያዝ።

አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ በተባለው ቼዝ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም በየፊናቸው ያንቀሳቅሱ፣ ተመልካቹም ምክሩን ይወረውር ነበር። አንተ የምትሄድበት ግን ጸጥታ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እዚያ ሕግ ሆኗል፤ የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ። ስልክህን ክፍልህ ተወው፤ ኪስህ ውስጥ ቢገኝ ጨዋታህን ያስቀማሃል።

ከተሸነፍህ ደግሞ በቀጥታ ወደ እራት አትሂድ። ዳርቻውን አንድ ዙር ተራምደህ፣ ያበሳጨህን ጨዋታ ለራስህ ተናግረህ ጨርሰህ ግባ። ተጋጣሚህ ሊተነትነው ቢጋብዝህ እሺ በል፤ ከዚያ የምትማረው ከድሉ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

አሁን ገንዘብ ሳትከፍል የውድድሩን ሰሌዳ ለባለቤትህ አሳያት፤ የባዩን ቀን እሷ ትምረጥ።