ማግኘትና ማረጋገጥ

ለጥያቄ መልስ ማግኘትና የቀረበን መልስ ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ የአእምሮ ሥራዎች ናቸው። ፕላቶ «ሜኖን» በተባለው ድርሳኑ አንድ እንቆቅልሽ አንሥቷል፦ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ይፈልጋል? ቢያገኘውስ የፈለገው እርሱ መሆኑን በምን ይለያል? የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የደከሙበት ጥያቄ ከዚህ እንቆቅልሽ ጋር ይገናኛል። ማረጋገጡ የሚቀል መልስ ሁሉ ማግኘቱም ይቀላል ወይ?

ልዩነቱን አንድ ቁጥር በግልጽ ያሳያል። 67 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ባለ21 አሃዝ ቁጥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1644 ማራን መርሰን ይህን ቁጥር ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ከሌላቸው ከብቸኛ ቁጥሮች ቆጥሮት ነበር። በ1876 ኤድዋር ሉካ ሌሎች አካፋዮች እንዳሉት አረጋገጠ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላወቀም። በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721 እና 761,838,257,287 መሆናቸውን አሳየ። ማባዛት የሚያውቅ ተማሪ የኮልን መልስ በወረቀትና በእርሳስ ያረጋግጣል። መልስ መኖሩን ማወቅ፣ መልሱን ማግኘትና ሲያገኙት መለየት ሦስቱም የየራሳቸው ድካም አላቸው።

ድካሙ የሚለካው የጥያቄው መጠን ሲያድግ በሚጨምረው የእርምጃ ብዛት ነው። 60 ነገሮች ቀርበው እያንዳንዱ ይግባ ወይስ ይቅር የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ በሰከንድ 1 ቢሊዮን አማራጭ የሚፈትሽ ኮምፒውተር ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ ከ36 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አንድ ነገር ሲጨመር ጊዜው 73 ዓመት ይሆናል፤ ነገሮቹ 90 ሲደርሱ ደግሞ ከጽንፈ ዓለም ዕድሜ ይበልጣል። ቀልጣፋ የሚባለው ስልተ ቀመር ሁሉንም ሳይሞክር፣ እርምጃው እንዲህ እየተባዛ ሳይሄድ መልሱ ላይ የሚደርስ ነው።

በ1971 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ኩክ፣ በሶቪየት ኅብረትም ለብቻው ሊዮኒድ ሌቪን፣ መልሳቸው በቀላሉ የሚረጋገጥ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1972 ሪቻርድ ካርፕ እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸውን 21 ጥያቄዎች ዘረዘረ፤ ለአንዱ ቀልጣፋ መፍትሔ ከተገኘ ለሁሉም ተገኘ ማለት ነው። በቀልጣፋ ስልተ ቀመር የሚፈቱ ጥያቄዎች «ፒ»፣ መልሳቸው በቀላሉ የሚረጋገጥ ደግሞ «ኤንፒ» ይባላሉ፤ እንዲህ ያለ መፍትሔ አለ ወይ የሚለው ጥያቄም «ፒ ከኤንፒ ጋር እኩል ነው ወይ?» ይባላል። የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ቢመድብለትም እስካሁን አልተፈታም።

የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል በ1956 ለጆን ፎን ኖይማን በጻፈው ደብዳቤ የጉዳዩን ክብደት አስቀድሞ ተረድቶታል። ፒና ኤንፒ እኩል ከሆኑና መንገዱም በተግባር ፈጣን ከሆነ፣ የሒሳብ ማስረጃ ፍለጋ በአብዛኛው ለማሽን ይተዋል። እኩል ካልሆኑ ደግሞ በመርህ የሚቻልና በእርግጥ የሚደረስበት ነገር ለዘለቄታው ይለያያሉ። መነሻ እውነቶችን የያዘ ሰው ከእነርሱ የሚከተለውን ሁሉ አውቋል ሊባል አይችልም፤ የተሰወረበት ነገር ስለሌለ ሳይሆን ዕድሜው ስለማይበቃ ነው።

ያልተገኘ መንገድ ግን የለም ማለት አይደለም። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ሁልጊዜ በእርግጠኝነትና በቅልጥፍና የሚለይ ዘዴ ለረጅም ጊዜ ሳይገኝ ቆይቶ፣ በ2002 ሦስት ሕንዳውያን ተመራማሪዎች በካንፑር አግኝተውታል። የፕላቶ እንቆቅልሽም በከፊል መልስ ያገኛል፦ ሰው የማያውቀውን ሲያገኘው ሊለየው የሚችልበት መፈተኛ አለው። መፈተኛው ግን ወደ መልሱ የሚወስደውን መንገድ አያሳየውም። ስለዚህ ስለ እውቀት የሚሰጥ ማናቸውም ትንታኔ፣ ምን ሊታወቅ ይችላል ከሚለው ጋር በምን ያህል ድካም የሚለውንም መጠየቅ አለበት።